የ«አንተ እንዳየህ» ጭማሪ

አፉላ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር ወር፣ 2007 እ.ኤ.አ.

ውድ እትዬ አረጋሽ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ? ልጅዎ ስማቸው ሐኪም ዘንድ ወሰደዎት ወይስ አሁንም ነገ ነገ እያለ ነው? ስማቸው፣ ይህን የምታነብላቸው አንተ ስለሆንክ አንተንም ሰላም ብያለሁ። አንድ አደራ አለብህ፤ የጻፍኩትን ሁሉ እንዳለ አንብብላቸው። እኔን የሚያሳፍረው ቦታ ስትደርስ እንዳትዘል።

የምጽፍልዎ አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ፣ ከሥራ ስንመለስ እንቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ወደ ላይኛው ሰፈራችን፣ ወደ አፉላ ኢሊት፣ የሚወጣውን አውቶቡስ ሁለት ጊዜ አሳለፍኩት። ቤት ስገባ ባለቤቴ ፈንታ «ምን አሉሽ?» ማለቱ አይቀርም፤ ለእሱ ከመናገሬ በፊት ግን ለእርስዎ መናገር አለብኝ።

ሐሙስ ዕለት ሮን ቢሮው ጠራኝ። ሮንን ያስታውሱታል፣ የአሞስ ልጅ፤ እርስዎ ጡረታ ሲወጡ ገና ከውትድርና የተመለሰው። ዛሬ ፍሬ የምንቆላበትን ፋብሪካ የሚመራው እሱ ነው። አባቱ በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ የሱፍ ፍሬውን ቀምሶ ይሄዳል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ውኃ ቀዳልኝና አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ። ደመወዝ ተጨምሮልኛል፣ በሰዓት አንድ ሸቀል።

«ኑ፣ ቦሰና፣ መሩጻ? ደስ አለሽ?» አለኝ።

ደስ አለኝ፤ ለእርስዎ አልዋሽም። «ቶዳ» ብዬ አመስግኜ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እሑድ ፈርሜ እንድመልስለት ነግሮ አሰናበተኝ።

አውቶቡስ ላይ አውጥቼ አነበብኩት። ከስሜ ሥር «የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ» ይላል። እኔ ደግሞ ማሸጊያውን ትቼ መቁያው ማሽን ላይ ከቆምኩ ስድስት ዓመቴ ነው። አጠገቤ ያለውን ሁለተኛውን መቁያ የሚሠራው ኦዝ ባለፈው ዓመት የገባ ልጅ ነው፤ እሱ «የማሽን ሠራተኛ» ተብሎ ከእኔ የበለጠ ይከፈለዋል። ፍሬው ሊያርበት ሲል ግን የማንን ስም እንደሚጠራ መገመት አያቅትዎትም።

መቁላቱን ማን እንዳስተማረኝም ያውቃሉ። ማሸጊያው ጋ ቆመው ከረጢት እየሞሉ፣ የማሽኑ ሰዓት ገና አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ቀና ይሉና «ቦሴ፣ ንገሪያቸው፣ ደርሷል፣ ያውጡት» ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ ሳቁብን። በኋላ ያወጡት ጀመር። «ሰዓቱ ምን ያውቃል? ፍሬው አንድ ቀን እርጥብ፣ አንድ ቀን ደረቅ ሆኖ ይመጣል። ሲንጣጣ ስሚው፣ ድምፁ ሲሳሳ ያን ጊዜ ነው» ያሉኝ አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልግባ። ስማቸው፣ እዚህ ላይ ነው ያልኩህ።

በ1996 ለበዓል የታዘዘ ብዙ ፍሬ ሊያር ሲል እርስዎ ጮኸው አተረፉለት። አሞስ እኔን አስተርጓሚ አድርጎ ቢሮው ጠራዎት። «ምን እንዳተረፈችልኝ አውቃለሁ። ልጨምርላት ነው። ስንት አሰበች?» አለኝ። ተረጎምኩልዎ። እርስዎ ሻሽዎን አስተካከሉ፣ ዓይንዎን መሬት ላይ አደረጉና «አንተ እንዳየህ» አሉ።

ይህ ቃል በአገራችን ምን እንደሚሠራ አላውቅም ብዬ አላመካኝም። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ብወጣም አባቴ የቀጠቀጠውን ማረሻ ሲያስረክብ ዋጋ ሲጠየቅ «እንዳየህ» ሲል ሰምቻለሁ። እንደዚያ የተባለ ሰው ያፍራል። እህሉን ይሰፍራል፣ ያያል፣ ደግሞ ይጨምራል። ሳይጨምር ቢሄድ አገር ያወራበታል። አሞስ ይህን ከየት ያውቃል? ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እኔ ግን «አንተ እንደወሰንክ ትላለች» ብዬ ዝም አልኩ። አሞስ ደስ አለው። በሰዓት ሠላሳ አጎሮት፣ የሸቀል ሲሶ እንኳ የማይሞላ፣ ብሎ ጻፈ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገርዎ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ዕብራይስጤ የሚያኮራኝ፣ የአገር ቤት ነገር የሚያሳፍረኝ ጊዜ ነበር። ደግሞ ለእርስዎ ስከራከር በእኔ ላይ ይከፋብኛል ብዬ ፈራሁ። በቃ ይኸው ነው።

ያን ዕለት ሥራ ስንጨርስ ሽርጥዎን አጥፈው ፈቱት፣ እንደገናም አጠፉት። ሰው ሁሉ ሄዷል። «እትዬ፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው» ስልዎ «ቆዪ እስቲ፣ ይጠራኝ ይሆናል» አሉኝ። አሞስ መኪናውን አስነስቶ እጁን እያወዛወዘልን አለፈ። እዚህ ወንበር ላይ ስንደርስ «ዝም አይነቅዝም» አሉና ስለ ስማቸው ሠርግ ማውራት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ሠሩ፤ ጡረታዎም በዚያችው ደመወዝ ተሰላ። አንድም ቀን አላነሱብኝም። እኔ ግን ሽርጡ ከዓይኔ ጠፍቶ አያውቅም።

ፈንታ ወረቀቱን አይቶ «ፈርሚና ተገላገይ» አለኝ። እሱ በጥበቃ ሥራው አምስት ዓመት አንዲት አጎራ አልተጨመረለትም። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ተቀይሞ ወደ ማሸጊያው ቢመልስሽስ?» አለኝ። የልጃችን የቬሬድ ትምህርት አለብን፤ የፈራው ያለ ነገር አይደለም። እኔም ሰንበትን ሙሉ ለመርካት ሞከርኩ። ተመስገን አልኩ። ከእኔ ያነሰ የሚያገኙትን አሰብኩ። አልሆነልኝም። የሸቀሏ ማነስ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር፤ ግን በወረቀቱ መሠረት ሮን የጨመረው ማሸጊያ ውስጥ ለምትቆም ለሌላ ሴት ነው። መቁያው ላይ ለቆምኩት ለእኔ ገና ምንም አልተባለም።

«ዝም አይነቅዝም» ላሉት፣ እትዬ፣ እኛኮ የፍሬ ፋብሪካ ነው የሠራነው። ጆንያ ውስጥ ዝም ብሎ የከረመ ነገር ምን እንደሚሆን አብረን አይተናል። አባቴ ደግሞ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይል ነበር፤ ራሱ ባይናገርም።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ሳልጀምር ገባሁና ወረቀቱን ሳልፈርም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ማ ካራ፣ ቦሰና? ምን ሆንሽ? ደስ ብሎሽ አልነበር?» አለኝ ሮን።

«ነበር። ሳነበው ደስታው ተወኝ። እዚህ የተጻፈው የእኔ ሥራ አይደለም» አልኩት።

አነበበውና ፊቱ ቀላ፤ ልብ ብሎ እንዳላየው ገባኝ። ከዚያ ብዕሩን አነሣና ልክ እንደ አባቱ «እሺ፣ ስንት አሰብሽ?» አለኝ።

እምልልዎታለሁ፣ «አንተ እንዳየህ» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያደግንበት ጨዋነት እሱን በይ አለኝ። እጄን ጉልበቴ ላይ ጫን አደረግኩና «ኦዝ የሚያገኘውን፣ በላዩ ላይ ሁለት ሸቀል። ሲያርበት የምደርስለት እኔ ነኝ» አልኩት። ምክንያት አልደረደርኩም፣ ይቅርታም አልጠየቅሁም።

ሮን ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እንደያዘ «አባቴ ሠላሳ ዓመት እዚህ ሲቀመጥ ከእናንተ ሰዎች ጭማሪ የጠየቀው አንድም የለም ይላል» አለ።

«አንዲት ሴት ነበሩ፤ አረጋሽ ይባላሉ። ጠይቀውት ነበር። አባትህ ሳይሰማ የቀረው በእኔ ነው» አልኩት።

«እንዳየህ» ማለት ምን እንደሆነ፣ የማረሻውንም ነገር ነገርኩት። ብዕሩን አስቀምጦ ሰማኝ። አባቱን አነጋግሮ ሐሙስ መልስ እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። «ሐሙስ እመጣለሁ። ማሸጊያ የሚለውን ወረቀት ግን አልፈርምም» ብዬ ወደ መቁያዬ ተመለስኩ። የዛሬው ፍሬ እርጥብ ስለነበር ከሰዓቱ በላይ ሰባት ደቂቃ አቆየሁት፤ ደህና ወጣ።

ሐሙስ ምን እንደሚል አላውቅም። እምቢ ካለ ሌላ መቁያ ያለበት ቦታ እፈልጋለሁ፤ ፈንታንም ዛሬ ማታ እንዲሁ እለዋለሁ። የእርስዎን ስምንት ዓመት ግን ማንም አይመልሰውም። ይቅር ይበሉኝ። ደግሞም ያን ዕለት መጠየቅ የነበረብኝን ዛሬ ልጠይቅዎ፤ አሞስ «ስንት አሰበች?» ሲል በልብዎ የነበረው ስንት ነበር? ገንዘቡ ባይመጣም ቁጥሩን ማወቅ እፈልጋለሁ። ሐሙስ ሮን ፊት ስቀርብ፣ ለአባቱ እንዲነግርልኝ ከእኔው በፊት የምጠራለት ያንን የእርስዎን ቁጥር ነው።

ስማቸው፣ የሚሉህን ቁጥር ጽፈህ ከሐሙስ በፊት ላክልኝ፤ ወይም ደውል። «እሷ እንዳየች» ካሉህ እንዳትጽፈው። ትንሽ ቆይና ደግመህ ጠይቃቸው።

ያኔ ቃልዎን ብቻ ያሻገረችው፣
ቦሰናዎ