ቤት ስቶ የገባው እርግማን

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት እኅቴ ለእታለም እናኑ፤ ድሬዳዋ።

እንደምን ከረሙ? እንደምንስ ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እዚህ ሳሉ ክረምት በመጣ ቁጥር እንቅልፍ ይነሣዎት የነበረው ቁርጥማት፣ የቆላው ፀሐይ ፈታ አደረገልዎት ወይ? አቶ ወልደ ሥላሴስ እንደምን ናቸው? ሳሉ ለቀቃቸው? ሸጋዬስ አደገች? ዳዊት ጀመረች ወይስ የከተማ ልጅ ሆና ቀረች? እኔ በመድኃኔ ዓለም ቸርነት አለሁ። ደኅና ነን ብዬ ለመጻፍ ግን ብዕሩ እጄ ላይ ከበደኝ፤ ለምን እንደ ከበደኝም ቀጥዬ እነግርዎታለሁ።

የአገሩን ወሬ ላስቀድም። ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ዳጉሳው ዝናቡ ቶሎ ስለ ሄደበት ቀጭጯል። በጥጃነቱ የሚያውቁት ወይኖ በሬ አርጅቶ፣ ቀንበር ሲያይ ይተኛል፤ እኔም አልፈርድበትም። ልጄ አልጣሽ ዐምና ጥር ተድራ ሊበን ከገባች ወዲህ ቤቱ ለእኔና ለድመቲቱ ቀርቷል። ባለቤቴ ደስታነሽ ብትኖር ኖሮ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር እላለሁ። እሷ አንድ ነገር ሳደርግ ቆይ እስቲ ትለኝ ነበር። ከሞተች ወዲህ ቆይ የሚለኝ ሰው የለም።

ለገና የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ወንድማችን ይርሳው እኅቱ ያሉትን በጆሮው ይስማ ብዬ ፍኖተ ሰላም ይዤው ሄድኩና ከቤቱ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሰላምታው ጥሩ ሄደ። ከዚያ የጡረታው ነገር ላይ ደረስኩ። ወንድሜ ጡረታ የተከለከለው ሥራ ጥሎ ጠፋ ተብሎ ነው፣ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል ብላ ቃሏን የሰጠችው ደግሞ የገዛ ሚስቱ ናት፣ እንጀራውን ያስቆረጠች ምላስ እንደ እሱ ምላስ ትታሰር፣ ይላል ደብዳቤዎ። ዓይኔ ቀድሞ ቢያየውም አፌ ማቆም አልቻለም። እስከ ነጥቡ አነበብኩት።

ሚስቱ ተናኜ ያን ጊዜ ይርሳውን አጥሚት እያጠጣችው ነበር። ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ከንፈሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለትና፣ ደብዳቤው አለቀ ወይ? አለችኝ። አላለቀም፣ የመሰነባበቻው ሰላምታ ይቀራል አልኳት። እንግዲያስ ጨርሰው አለች። ጨረስኩት።

እታለም፣ እርግማንዎ ቤት ስቶ ነው የገባ። ያ ምላስ የተናኜ አይደለም፤ የኔ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። ባለፈው ጥቅምት ነፋስ የስልኩን ሽቦ ከእርሻዬ ዳር ጥሎት ነበር። እንደሚያውቁት የይርሳው ሥራ ከፍኖተ ሰላም ወደ ጅጋና ወዲያ ማዶ ያለውን ሽቦ መጠበቅ፣ የተበጠሰውንም መቀጠል ነው። ያን ዕለት ጧት ከኔ ቤት ቁርሱን በልቶ፣ አንተ በሬ ትነዳለህ፣ እኔ የሰው ቃል እነዳለሁ እያለ ሲያሾፍብኝ ቆይቶ ወደ ምሰሶው ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቴ ዘሩ ሲጮህ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ ይርሳው ከምሰሶው ሥር ወድቋል። ከላይ አልወደቀም፤ ገና ለመውጣት ሲሰናዳ ነው። አፉ ወደ ጎን ተጣሟል፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ የሱ አይመስሉም፤ ምላሱ ተይዟል። ዓይኑ ግን ሙሉ ነው። ያውቀኛል።

በግራ እጁ ወደ ሽቦው ያመለክታል። መልሶ ደግሞ ያነገታትን የቆዳ ቦርሳ ወደ እኔ ይገፋታል። በቦርሳዋ ውስጥ ከሽቦው ጋር እያገናኘ ቡሬ ካለው አለቃው ጋር የሚነጋገርባት ትንሽ ስልክ እንዳለች አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ አሳይቶኛል። እያወቅሁ አላወቅሁም። ዘሩም፣ ተመልከት፣ መጋኛው ከየት እንደ ወረደበት ሊያሳይህ ነው አለኝ። እኔም እውነት መሰለኝ። ክፉው ነገር በሷ የመጣ ይመስል ቦርሳዋን ከአንገቱ አውልቄ ወስጄ ከጎተራው ኋላ ሰቀልኳት። ይርሳው አለቀሰ። ሕመሙ ነው አልን።

ተናኜ ሰው ልከንላት እየሮጠች መጣች። መጀመሪያ ያለችው ለአለቃው እንንገር፣ መኪና ይሰጡናል፣ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት እናድርሰው ነው። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። የደስታነሽን ነገር ያውቃሉ። ሕመሟ ከቆየ በኋላ ሐኪም ቤት ወሰድኳትና ሬሳዋን ይዤ ተመለስኩ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ ግን ጠበል ሳላደርሳት ሞተች እያለ ሆዴ ሲበላኝ ኖሯል። ለሚስቴ ያላደረግሁትን ለወንድሜ ላድርግ አልኩ። አሁን ሳስበው የይርሳውን ሕመም ሳይሆን የራሴን ጸጸት ነበር ላስጠምቅ የተሸከምኩት። ተናኜን፣ አንቺ በአለቃ ነው በእግዚአብሔር የምታምኚው? ብዬ አፏን አስዘጋኋት። ይርሳውንም በቃሬዛ፣ የአገሩ ጎልማሳ እየተቀባበለ፣ ግሽ ዓባይ ወሰድነው።

ስንነሣ ደግሞ አንድ ትእዛዝ ሰጠኋት። መቼም በእኛ አገር ጠበል የሚሄድ በሽተኛ አይወራበትም፤ የሰው አፍ ጠበሉን ያከሽፍበታል ይባላል። እንግዲህ ማንም ቢጠይቅሽ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል በይ፣ ሌላ ቃል ካፍሽ ቢወጣና ቢሞት በነፍሱ ትጠየቂበታለሽ አልኳት። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ደጇ መጥቶ ሲጠይቃት ያስተማርኳትን ተናገረች። ዳግመኛ መጣ፤ ዳግመኛ ያንኑ አለች። እነሱስ ምን ይበሉ? ሠራተኛው የለም፣ የመንግሥት ስልክ የለም፣ ሽቦው መሬት ላይ ተጋድሟል። ዕቃ ይዞ፣ ሥራ ጥሎ ጠፋ ብለው ስሙን ሰረዙት።

ግሽ ዓባይ ሁለት ሱባኤ ቆየን። በጠበሉ የተጠራጠርኩ እንዳይመስልዎ፤ እግሩን ማንቀሳቀስ የጀመረው እዚያ ነው። የማልረሳው ሌላ ነገር ነው። ልናስጠምቀው ስንል ይታገለን ነበር። ወደ መጣንበት አገር ያመለክታል፣ የኔን እጅ ይዞ ይጎትታል። በጠበል ቦታ የሚታገል በሽተኛ ምን እንደሚባል ያውቃሉ፤ የሚፈራው ሰውየው ሳይሆን ያደረበት ነው ይባላል። እኔም ወንድሜን ሳይሆን ሌላውን የያዝኩ መስሎኝ ባለ በሌለ ጉልበቴ ያዝኩት። በግራ እጁ ያዝኩት፣ እታለም። በቀረችለት በአንዲቱ እጅ።

ስንመለስ የጤና ጣቢያው ድሬሰር አየው። ይህ በራስ ውስጥ ያለ የደም ሥር ሕመም ነው፣ ቶሎ ብታመጡት ኖሮ ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ቦርሳዋንም መለስን፤ የት እንደ ከረመች ግን አልተናገርኩም። የጡረታው ጥያቄ ሲወድቅ ይግባኝ ለማለት ማመልከቻ ጸሐፊው ዳኘው ዘንድ ሄድኩ። ዳኘው ብልህ ሰው ነው። ጥፋቱን በሚስቱ ላይ እንጣለው፣ ያልተማረች ሴት ደንግጣ ቀባጠረች ብንል ማን ያስራታል? አለኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርጎ ወሰደው፤ እሺታም ነበር። እርስዎ ዘንድ የደረሰው ወሬ፣ እኔ ሰምቼ ሳላርመው ያለፈ ወሬ ነው። ተናኜም የባሏን እንጀራ ያስቆረጠች እየተባለች ውሃ ስትቀዳ፣ ገበያ ስትወርድ ከረመች፤ አንድ ቀን ስሜን አልጠራችም።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ የነፍስ አባቴ መምሬ ክንፈሚካኤል ዘንድ ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው። ስገድ፣ ጹም ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ ጠበሉ መቼ ለአለቃው አትንገሩ አለህ? አሉኝ። ቀጥለውም፣ የዚያችን ሴት ስም እኔ ጆሮ ውስጥ አትጠበው፣ ባቆሸሽክበት አደባባይ እጠበው ብለው አሰናበቱኝ።

ዳኘውን ማመልከቻውን አርምልኝ ስለው፣ አንተ ሰውዬ፣ የመጣኸው ለጡረታ ነው ለጽድቅ? ለጽድቅ ከሆነ ቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ነው አለኝ። ደግሞም፣ ዕቃውን የሸሸገው ወንድምየው ነው ሲባል ይግባኙ አብሮ ይወድቃል አለኝ። ፈራሁ። እውነት ስናገር የይርሳውን እንጀራ ሁለተኛ የምቆርጥ መስሎኝ ፈራሁ። ቢሆንም አሳረምኩት።

በጥር መጨረሻ ይግባኙን የሚሰሙ ሹማምንት መጡ። ይርሳውን በበቅሎ፣ ተናኜ በጎኑ ደግፋው፣ ወሰድነው። ስሜ ሲጠራ ተነሥቼ ቆምኩና ስለ ሽቦው፣ ስለ ቦርሳዋ፣ ለተናኜ ስለ ሰጠኋት ቃል፣ በጠበሉም ቦታ ስለ ያዝኳት እጅ ተናገርኩ። ከሹሞቹ ወጣቱ፣ እና መጋኛው ራሱ አለቃዬን ጥሩልኝ ያለ መስሎህ ነው? ቢለኝ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አንገቴን ደፋሁ። ከኋላዬ ግን የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። ብዞር ይርሳው ነው፤ በግማሽ ፊቱ ይስቃል። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሳቁ ወደ እንባ ዞረ፤ ግራ እጁን አንሥቶ በመስኮቱ ወደሚታየው ሽቦ አመለከተ። ትልቁ ሹም ሁሉን ዝም አሰኙና፣ ይህ ሰው ሥራ የጣለው መቼ ነው? ወድቆም ለአለቃው ሊናገር ነበር እኮ አሉ።

ሥራ ጥሎ ጠፋ የሚለው ተነሣለት። ጡረታው ግን ገና ነው። ደብረ ማርቆስ ያለው ሐኪም አይቶት፣ ሕመሙ ዘላቂ ነው፣ ከእንግዲህ ለሥራ አይበቃም ብሎ ካልመሰከረለት ይግባኙ ይወድቃል። በጊዜ ባለመታየቱ ሐኪሙ ምን እንደሚል አይታወቅም ይላሉ፤ ያም ጊዜ እኔ የወሰድኩበት ጊዜ ነው። የቅበላው ማግስት ሰኞ በጭነት መኪና ይዤው እሄዳለሁ። ደስታነሽን ይዤ የወጣሁበት በር ያው ነው። ግን እገባለሁ።

ከሹሞቹ ፊት እንደ ወጣን ተናኜን ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅር ብዬሃለሁ ብትል፣ ወይ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። በቅሎዋን ያዝልኝ፣ ላወጣው ነው ብቻ አለችኝ። ያዝኩላት። እስከ ዛሬም ይዤ የቆምኩ ይመስለኛል።

እታለም፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደጉን እርስዎ ነዎት፤ ቃልዎ በኛ ላይ የእናት ቃል ነው። እርግማንዎን ከተናኜ ላይ ያንሡልኝ። ወደኔ ያዙሩት ልል ጀምሬ ፈርቻለሁ፤ አልዋሽዎትም። ከእሷ ላይ ብቻ ያንሡት፤ የት እንደሚያኖሩት እርስዎ ያውቃሉ።

ይህን ስጽፍ ይርሳው አጠገቤ ተቀምጧል። ለእታለም ምን ልበልልህ? አልኩት። ግራ እጁን አንሥቶ በደጃፉ ወደሚታየው ሽቦ አመለከተ። እንደ ልማዴ ልተረጉምለት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እስኪጨርስ ጠበቅሁት። ሽቦውን ደግሞ አሳየኝ፤ ጆሮውን ነካ፤ ከዚያ ስምዎ የተጻፈበትን ይህን ወረቀት ነካ። ድምፅዎን መስማት ይፈልጋል።

ስለዚህ በመጋቢት ሚካኤል ዕለት ከቀትር በፊት ድሬዳዋ ስልክ ቤት ይገኙልን፤ እኛም በፍኖተ ሰላም እንገኛለን። የሥራ ባልደረቦቹ መስመሩን እናገናኛለን ብለዋል። መናገር አይችልም፤ ሲተነፍስ ግን ይሰሙታል፣ ይንገሩት። መስሚያውን በግራ ጆሮው እይዝለታለሁ። ከዚያ ለተናኜ ስጧት ይበሉ። ለኔ የሚሉት ካለ ከእሷ በኋላ እሰማለሁ፤ ከሌለም ለእነሱ ይዤላቸው እቆማለሁ።

አቶ ወልደ ሥላሴን እጅ እነሣለሁ። ሸጋዬን ሁለቱን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። አልጣሽ ከሊበን አክስቴን ሳሙልኝ ብላ ልካለች። መምሬ ክንፈሚካኤል በጸሎት አስብዎታለሁ ይላሉ። ተናኜም ሰላምታ ይድረስልኝ ብላለች፤ ጉልበታቸው እንዴት እንደ ሆነ ጠይቅልኝ፣ እንዳትረሳ ብላኛለች።

ወንድምዎ ገብረሰንበት

ፍኖተ ሰላም፣ ከይርሳው ቤት
የካቲት 2 ቀን 1958 ዓ.ም.