የበረኛው ዘር ቆጠራ

ለንደን፣ ኬኒንግተን
ጥር 15 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለኂሩት ሳህሉ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ጀርመን አገር ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ጉልበቴን ቢያስቸግረኝም የወረዳው አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ ሊፍቱን ስላሠራው ደረጃ መውጣት ቀርቶልኛል። ያለፈው ደብዳቤሽ ቀን አልተጻፈበትም። ለበሽተኛ መድኃኒት ስትሰጪ ሰዓቱን ትጽፊ የለም? ለአያትሽም ጻፊ።

ሽማግሌዎችሽ ከትናንት በስቲያ ቅዳሜ ለሁለተኛ ጊዜ መጥተው ነበር። የሰጠኋቸውን መልስ ከእኔ ጽሑፍ እስክታነቢው ድረስ እንዳይነግሩሽ ቃል አስገብቻቸዋለሁ። አቶ ቬንዘል ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይመስሉኝም። ይህን ደብዳቤና አብሮት ያለውን ጥቅል የሚያደርሱልሽ እሳቸው ናቸው። ጥቅሉን ደብዳቤውን ሳትጨርሺ እንዳትፈቺው። ወደ መጨረሻው ገጽም አትዝለዪ፤ ልማድሽን አውቀዋለሁ።

ማርቲንን ላገባ ነው፣ ይፍቀዱልኝ ብለሽ የጻፍሽልኝ ጊዜ ቅር ያለኝ ጀርመን በመሆኑ አልነበረም። ሥራው ነው። «አይስ ሆኪ ይጫወታል፣ በረኛ ነው» ትያለሽ። ምን እንደሆነ ወዳጃችንን ዓለምሰገድን ጠየቅሁት። እሱ በወጣትነቱ ጀርመን አገር ምህንድስና ስለተማረ ነገራቸውን ያውቃል።

«እትዬ፣ ገና ማለት ነው። በረዶ ላይ የሚጫወቱት ገና። የሚመቱት ሩር ብቻ ጠፍጣፋ ነው» አለኝ።

«ገና በዓመት አንድ ቀን የሚጫወቱት ነው እንጂ እንጀራ የሚበሉበት ነው እንዴ?»

«እዚያ ይበሉበታል። የሚያኝኩበትን ጥርስ ግን እዚያው ይተዉታል» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ልጄ ሳህሉ፣ አባትሽ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ከሆነ በኋላ እንኳ በየዓመቱ ገና ተጫውቶ፣ ለበዓል ያሰፋሁለትን ሱሪ ቀዶ፣ ቅልጥሙን ተመትቶ እያነከሰ ሲመጣ እንዴት እቆጣው እንደነበር አትረሺውም። አንቺ ውሃ ታሞቂለት ነበር። እሱ ደግሞ ማን እንደመታው በኩራት ይነግርሽ ነበር።

ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ እንደነበረ ታውቂያለሽ። ልጅ የሚሰጥ አባት ነው። አባትሽ አለ፤ ሲመጣ እሱ ይመልሳል ብዬ ጻፍኩልሽ። አንቺም «እማማ፣ እንግዲያው ሽማግሌ ልላክና ይህንኑ ለእነሱ ይንገሯቸው» ብለሽ መለስሽልኝ። እንዲህ ያለች ልጅ ያሳደግሁ እኔው ነኝ፣ ማንን እወቅሳለሁ?

ማርቲን ዘመድ እንደሌለው፣ እናትና አባቱ በመኪና አደጋ ሲሞቱ የሚጫወትበት የሊንደንሪድ ከተማ ክለብ ሰዎች እንዳሳደጉት ጽፈሽልኛል። ክለብ ልጅ ያሳድጋል ብዬ አላመንኩም ነበር። ከገና በፊት በነበረው ቅዳሜ በሬ ተንኳኳና ስከፍት፣ ሦስት ረጃጅም ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ዓለምሰገድ ከለንደን ሌላ ጫፍ ከኤድመንተን ድረስ መጥቶ፣ ከኋላቸው ሆኖ ሳቁን ይዋጋል።

አቶ ቬንዘል የቀድሞው በረኛ ናቸው። ሁለተኛው የክለቡ ሐኪም ናቸው። ሦስተኛው፣ አቶ ሩዲ፣ የፊት ጥርስ የላቸውም፤ በረዶውን የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው አሉ። ግቡ አልኳቸው፣ ገቡ። ተቀመጡ አልኳቸው፣ አልተቀመጡም።

«መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ይላሉ፣ እትዬ።»

«ይህን ማን አስተማራቸው?»

«ማን ይመስልዎታል?»

ቆሙ። ቤቴን ታውቂዋለሽ፤ ሦስት እንዲያ ያሉ ሰዎች ሲቆሙበት መስኮቱ አይታይም። እኔም ከእግር እስከ ራሳቸው አየኋቸው። በኋላ ዓለምሰገድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ የአቶ ሩዲ ጉልበት ውስጥ ብረት አለበት፣ ይዘኑላቸው» አለኝ።

«ንገራቸው» አልኩት፣ «ልጅ አልሰጠሁም፣ ወንበር ግን እሰጣለሁ። ወንበር መልስ አይደለም።»

አቶ ሩዲ ከሁሉ ቀድመው ተቀመጡ።

ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ልጅቷ አባት አላት፣ ሲመጣ እሱን ጠይቁት አልኩ። አቶ ቬንዘል ከኪሳቸው የቀን መቁጠሪያቸውን አወጡ፣ እርሳስም አወጡ። ዓለምሰገድ ሲተረጉምልኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መቼ ነው የሚመጡት? በዚያ ቀን እንመጣለን ይላሉ።»

«ቀኑ አይታወቅም።»

«የት ናቸው? ይላሉ ሐኪሙ።»

«ተዛውሯል።»

«ወዴት?»

ሻይ ቀዳሁላቸው። አቶ ቬንዘል እርሳሳቸውን መለሱ፣ ለሐኪሙም በቋንቋቸው አንድ ነገር አሏቸው፤ ዓለምሰገድ አልተረጎመልኝም። ከዚያ ሌላ ቀጠሮ እንድሰጣቸው ለመኑኝ። ከጥምቀት በኋላ ያለው ቅዳሜ ይሁን ስላቸው «በስንት ሰዓት?» አሉ። በዕድሜዬ ሙሉ ሰዓት የሚጠይቅ ሽማግሌ ሰምቼ አላውቅም። ወደድኳቸው፤ ግን አላሳየኋቸውም።

«ስትመጡ የልጁን ዘር ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ኑ» አልኩ።

«እትዬ፣ ከጀርመን ጋር ምን ዝምድና ይገኝብናል ብለው ነው?» አለ ዓለምሰገድ።

«አንተ ተርጉም። ዝምድና ባይገኝ ማንነት ይገኛል።»

ከትናንት በስቲያ ቀድመው መጥተዋል። ካፊያው እየወረደባቸው፣ ከታች ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ ቆመው ሰዓታቸውን ሲያዩ ዓለምሰገድ በመስኮት አይቷቸው ልጥራቸው ብሎኝ ነበር። ተዋቸው አልኩት። ልክ በሰዓቱ አንኳኩ።

አቶ ቬንዘል ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ጀመሩ። «የማርቲንን አባት ስም እናውቃለን፤ አያቱን የሚያውቅ ግን የለም። ስለዚህ ያሳደገውን ቤት እንቆጥራለን። ማርቲን በረኛነትን የተማረው ከክላውስ ነው። ክላውስ ከፔተር ተማረ። ፔተር ከእኔ ተማረ። እኔ ከጦርነቱ በኋላ ከቼኮች አገር ከቦሂሚያ ተባርረን ስንመጣ አንድ ጥንድ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ብቻ ይዤ ነበር፤ ቦታውን የያዝኩት ከአንቶን ነው። አንቶን ከዳቦ ጋጋሪው ከሎሬንስ ተማረ።»

በጣቴ ቆጠርኩ። «ስድስት ነው» አልኩ።

«እትዬ፣ ክለቡ ራሱ እኮ ከእርስዎ በዕድሜ ያንሳል» አለ ዓለምሰገድ።

«ስድስት ነው።»

ሦስቱ ተያዩ። ከዚያ አቶ ሩዲ፣ እስከዚያ ድረስ ቃል ያልተናገሩት፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ተናገሩ። ከሎሬንስ በፊት በረኛ አልነበረም አሉ። የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ያኔ የማቀዝቀዣ መሣሪያ ስላልነበረ ክረምት ላይ ከከተማው ኩሬ በረዶ በመጋዝ እየቆረጡ ለቢራው ማቆያ ያከማቹ ነበር። ሥራቸውን ሲጨርሱ ባልተቆረጠው በኩል በመጥረጊያ እንጨት ይጫወታሉ፤ ግቡ ሁለት በርሜል ነበር። ክለቡ የተወለደው ከዚያ ነው።

«ኩሬውን ማን ቆፈረው?» አልኩ።

«መነኮሳት። የጾም ዓሣ ለማርባት።»

መነኮሳት አይወልዱም። በጾም ዓሣ መብላታቸውንም አልወደድኩላቸውም። ቢሆንም ከቢራ ሠራተኞቹ ጋር አንድ ላይ ሰባተኛ አድርጌ ቆጠርኩላቸው። ዓለምሰገድ «ተመስገን» ሲል ሰማሁት።

ነገር ግን ያስተማርኩባቸው ዓመታት ጆሮዬን አበላሽተውታል። «አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። «የሌሎቹን ሁሉ ‹ከእገሌ ተማረ› ብለው ቆጠሩልኝ። የእርስዎ ላይ ሲደርሱ ግን ‹ቦታውን ያዝኩ› አሉ። ለምን?»

አቶ ቬንዘል ሳልጋብዛቸው ተቀመጡ። አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ እኔም እንደሰማሁት እጽፍልሻለሁ።

አንቶን በጦርነቱ ጊዜ ወደ ሩሲያ ዘመተ። አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ሌላ አልመጣም። መንግሥትም ጠፍቷል አለ እንጂ ሞቷል አላለም። እናቱ በእጇ የሠራችለት የሱፍ ማልያው፣ ቁጥር አንድ የተሰፋበት፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። አቶ ቬንዘል ስደተኛ ሆነው መጥተው ግብ መጠበቅ ሲጀምሩ ቁጥር የሌለው ማልያ ሰጧቸው። ዓመታት በዚያ ተጫወቱ። ማልያው ይሰጠው ብሎ እናቲቱን የሚጠይቅ ደፋር አልተገኘም።

«በየግጥሚያው ትመጣ ነበር» አሉኝ። «ከእኔ ጀርባ፣ ከግቡ በስተኋላ ትቀመጣለች። የምታየው ግን እኔን እንዳልሆነ አውቅ ነበር።»

የመጨረሻዎቹ ምርኮኞች ከሩሲያ ሲመለሱ እናቲቱ ባቡር ጣቢያ ሄደች። ሁሉም ወረዱ። እሱ የለም። ያን ክረምትም እንደ ወትሮው መጥታ ከግቡ በስተኋላ ተቀመጠች። በቀጣዩ ክረምት ግን አንድ ቀን፣ ግጥሚያው ሳይጀመር፣ ሴት በማይገባበት ክፍል ገባች። ማልያውን ከምስማሩ አወረደችው። ብል የበላውን ቦታ ቀደም ብላ ጠግናው ኖሯል። የለበሱትን እንዲያወልቁ አዘዘቻቸውና እጃቸውን እንደ ሕፃን አስነሥታ አለበሰቻቸው።

«ምን አለች?» አልኳቸው።

«‹ዛሬ ብርድ ነው› አለች።»

«ሞቷል አላለችም?»

«አላለችም። እስክትሞት ድረስ አላለችም።»

«ታዲያ በምን ሥልጣን ሰጠችዎት? ልብሱ የልጇ ነው።»

አቶ ቬንዘል ትክ ብለው አዩኝ። «ከእሷ ሌላ ማን ነበረ?» አሉ።

ዓለምሰገድ ይህን ተርጉሞ መነጽሩን አወለቀና ይጠርግ ጀመር።

ልጄ፣ አባትሽ የታሰረበትን የዚያን እስር ቤት በር አንቺም ታስታውሽዋለሽ። ስንቅ ይዘሽ ከእኔ ጋር ተሰልፈሻል። በዚያ በመጨረሻው ቀን ግን ትምህርት ቤት ነበርሽ። ዘቡ ሳህኑን አልተቀበለኝም። የአባትሽን ጋቢ አጥፎ በእጄ ሰጠኝና «ተዛውሯል፤ ከእንግዲህ ስንቅ አያምጡ» አለኝ። ወዴት ስለው በሩን ዘጋው። እኔ የተነገረኝን ቃል በቃል የምይዝ ሴት ነኝ። ተዛውሯል ካሉ ተዛውሯል። ለአንቺም እንደዚያው ነገርኩሽ፤ አንቺም ከዚያ በኋላ አልጠየቅሽኝም። ስንቱን ነገር የምትጠይቂ ልጅ ይህን አለመጠየቅሽን ልብ ሳልለው የቀረሁ አይምሰልሽ። ጋቢውን በሱዳን በረሃ አልፎ እዚህ ድረስ አመጣነው። ለብሼው አላውቅም። በየዓመቱ አጥበዋለሁ፣ ፀሐይ የወጣ ቀን በረንዳው ላይ አሰጣዋለሁ፣ መልሼ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

ከወንበሬ ተነሣሁ። ዓለምሰገድም ተነሣ፤ እነሱም የሆነ ነገር እንዳለ ገብቷቸው ተነሡ።

«ልጄን ኂሩትን ለልጃችሁ ለማርቲን ሰጥቻለሁ» አልኩ።

ዓለምሰገድ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ… በማን ስም ነው ብዬ ልተርጉም?»

«አባቷ ቆሞ የሚለውን ነው ያልኩት። እንዳለ ተርጉምላቸው።»

ተረጎመላቸው። አቶ ቬንዘል ጎንበስ ብለው እጄን ሳሙኝ። ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ዞሩ። አቶ ሩዲ ግን አንድ ነገር ጠየቁ፣ ዓለምሰገድም በዕንባው መሀል ሳቀ።

«አሁን መቀመጥ ይቻላል ወይ ይላሉ፣ እትዬ።»

ይቻላል አልኩ።

እንግዲህ ይህ ነው መልሴ። ሠርጉ በቤተ ክርስቲያን ይሁን። ልጆች ስትወልዱ ፊደል ይቆጥራሉ፤ እዚያ የሚያስተምር ሰው ከሌለ ወደ እኔ ላኪያቸው። ማርቲን ጥርሱን ይጠብቅ። እኔን አታስቢ። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ለአንድ ሰው ይበቃል። የጉዞ ወረቀቴ ከደረሰልኝ ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ፤ ያን ኩሬም አየዋለሁ።

በየደብዳቤዬ መጨረሻ የምጽፍልሽን «አባትሽን በሰላም ይመልስልን» የሚለውን ጸሎት ዛሬ አልጻፍኩትም። በእሱ ፈንታ ምርቃት ልጻፍልሽ። ትዳርሽ ይጽና። ደጅሽ ሰው አይጣ። የምትጠብቂው ሁሉ በሰዓቱ ይግባልሽ። የወለድሽው በዕድሜሽ ላይ ዕድሜ ይሁንሽ። የአባትሽ ምርቃት ይድረስሽ።

አሁን ጥቅሉን ፍቺው። ለማርቲን ነው። ቁመቱ ቢያጥርበት ሌላ ጨርቅ አትቀጥዪበት፣ በፈላ ውሃም አትጠቢው። ሜዳው ዳር ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ ይደርበው።

ዛሬ ብርድ ነው።

በአባትሽ በሳህሉ ቦታ፣
አያትሽ አስካለማርያም