የሰሚራ ስልክ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

እህቴ ሰሚራ ከሞተች ወዲህ ስልኳ እንደተቆለፈ ነበር። ዛሬ እማዬ «ፎቶዋን አሳጥብልኝ» ብላ ሰጠችኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ፒያሳ፣ ሰሚራ ሞባይል ባንኪንግ ያስጫነችበት ሱቅ ወሰድኩት።

የእህቴ የሰሚራ ነው ስለው ባለሱቁ ሌላ ምንም ሳይጠይቀኝ ከፈተው።

«የሚስጥር ቁጥሩን እንዴት አወቅከው?»

«ያወጣሁላት እኔ አይደለሁ እንዴ? የተወለደችበት ዓመት ነው። እንዳይረሱት ለሁሉም እንደዚያ ነው የማደርግላቸው። ስልኩም ባንኩም በአንድ ቁጥር!» አለ ጮክ ብሎ። ወረፋ የያዙት ሳቁ። «የእናትህንም አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ፎቶዎቿን በጣቱ እያሳለፈ «ይቺ ሸጋ ናት» ብሎ አንዷን አሳየኝ። ሰሚራ ፀጉሯን ፈትታ ትስቃለች። ከቤት ውጭ ያለ ሻሽ ታይታ አታውቅም። ስልኩን ነጠቅኩት።

«ምነው ወንድሜ? ወላሂ፣ ይቺን ፎቶ ድሮም አይቻታለሁ፤ ባንኩን ስጭንላት።»

ለእማዬ ሱቁ ዝግ ነበር አልኳት። የሰሚራን ቁጥር ቀየርኩ፤ የእማዬንም። ግን ያየውን ምን አደርገዋለሁ? ሌላስ ምን አይቷል? ለማንስ አሳይቷል?

አሁን አዲሱን ቁጥር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስልኩ እጄ ላይ ክፍት ነው፤ መልእክቶቿ ሁሉ አሉ። በሕይወት ሳለች አንድ ቀን እንኳ አስነክታኝ አታውቅም።