ያለ ጥፋታቸው ያባረርናቸው የአቶ ሙሐረም እንድሪስ ዕረፍት

የማኅበራችንን መዝገብ ክፍል ያቋቋሙት አቶ ሙሐረም እንድሪስ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ36 ዓመታቸው አርፈዋል። በዓረብ አገር የሚገኘው የባይሽና አካባቢው የወገን መረዳጃ ማኅበር ሥራ አመራር ይህን ለአባላቱና ለወገን ሁሉ የሚያስታውቀው በሐዘን ብቻ ሳይሆን በእፍረትም ነው።

አቶ ሙሐረም ደሴ የኮምፒዩተር ትምህርት ተምረው በየመን በኩል የመጡ፣ ባይሽ ገበያ ውስጥ ሞባይል በመጠገን የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. በየእርሻውና በየከብቱ ጥበቃ የተበተነው ወገናችን የት እንዳለ የሚታወቅበትን የኮምፒዩተር መዝገብ በነፃ ሠሩልን።

በ2016 ዓ.ም. በመዝገቡ ላይ አደጋ እንዳለ ደረሱበት። ፕሮግራሙ መረጃን ወደ ጽሑፍ ለውጦ ለማስቀመጥና መልሶ ለማንሣት የሚጠቀምበት ላይብረሪ የሚባለው ዝግጁ የኮድ ስብስብ፣ የአንዱን ሰው ቅጽ ለሌላው ሲገለብጥ አዲስ የሚሆነው ላዩ ብቻ ነበር። ውስጡ ያለው የጤናና የአድራሻ ክፍል ለሁለቱም ያው አንዱ ነው። «ሲታዩ ሁለት ናቸው፤ ሆዳቸው ግን አንድ ነው። አንዱ ላይ የምትጽፉት ሌላውም ላይ ይጻፋል» ብለው አስረዱን። መፍትሔም አበጁ፦ ቅጹ እስከ ውስጡ ድረስ ወደ ጽሑፍ ይለወጣል፤ ከጽሑፉም ከፊተኛው ጋር ምንም የማይጋራ አዲስ ቅጽ ይነሣል።

ይህ አሠራር አሮጌውን ኮምፒዩተራችንን አዘገየው። ጸሐፊያችን አቶ ሸምሱ፣ «ኸላስ፣ በቃ ሙሐረም፣ ሰዉ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ የድሮውን መልስልን» አሏቸው። አቶ ሙሐረም እምቢ ሲሉ መፍትሔውን በሌላ ሰው አስወጣነው። ሁላችንም ተስማምተን ነበር።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. አል-ዓሪዳ በሚባለው ተራራማ ቦታ አንድ ከብት ጠባቂ ሞተ። ቅጹ የተገለበጠው አብሮት ከመጣው ከሐምዛ ቅጽ ነበር። የሟቹን ሞት ስንመዘግብ ሐምዛም ሞተ ተብሎ ተመዘገበ። እኛም ሳናጣራ ወሎ ላሉት እናቱ ለወ/ሮ ዙሌካ ደውለን አረዳናቸው። እናት ለቅሶ ተቀመጡ። ሐምዛ ግን ስልክ በማይሠራበት ተራራ ላይ ከፍየሎቹ ጋር ነበር፤ ለእናቱ የደወለው በዘጠነኛው ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን መደበቅ አንችልም። አባላት በተሰበሰቡበት ጥፋቱ የአቶ ሙሐረም ብቻ ነው የሚል ደብዳቤ አንብበን አባረርናቸው። እርሳቸው ስለ ራሳቸው አልተከራከሩም። «እናቲቱን ይቅርታ የጠየቀ አለ?» ብቻ አሉ። አልነበረም። በማኅበሩ ስም ደውለው ይቅርታ የጠየቁት ራሳቸው አቶ ሙሐረም ናቸው።

ከተባረሩም በኋላ ሆዳቸው የተጣበቀ ሌሎች አርባ አንድ ቅጾችን ለይተው ላኩልን። ቅጾቹን አረምን፤ አላመሰገንናቸውም። ሲታመሙም አልጠየቅናቸውም።

ያ ደብዳቤ ተሽሯል። የእርሳቸው አሠራር ወደ መዝገቡ ተመልሷል። ጥፋቱ የእኛ፣ የሥራ አመራሩ አባላት ነው። ወ/ሮ ዙሌካንና ልጃቸውን ሐምዛንም ይቅርታ እንጠይቃለን።

ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ረሒማ፣ ለወዳጆቻቸውና ለገበያ ባልደረቦቻቸው አላህ ብርታቱን እንዲሰጥ፣ ለእርሳቸውም ማረፊያቸውን እንዲያሰፋላቸው እንለምናለን።

ደብዳቤው መሻሩን ልንነግራቸው ቤታቸው በሄድን ጊዜ ወ/ሮ ረሒማ እስከ መጨረሻው ሰሙን። ከዚያም፣ «ይህን እሱ ቢሰማው ኖሮ» አሉን።