የላይኛው ሳይፈታ የታችኛውን ቡሎን የፈቱት አጎታችን

አጎታችን በ1941 ዓ.ም. ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ሰባት ልጅ በሚተራመስባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። እናታቸው ይሉ እንደነበረው አዋላጇን ላብ በላብ አድርገዋታል፤ በጭንቅላት ሳይሆን በእግራቸው ነው የመጡት። ከዚያ ወዲህም ነገርን ከጭራው መጀመር አልተዉም።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ስምንተኛን ሁለቴ ነው የተማሩት፤ ሒሳቡን አስተማሪው ባሳየው መንገድ አልሠራም ብለው። መልሱ ልክ ነበር ይላሉ። አልነበረም፤ አብራቸው የተማረችው እህታቸው ዛሬም ትመሰክራለች።

በ1960 ዓ.ም. አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ተቀጠሩ። አርባ ዓመት ሙሉ በአንዲት መስኮት በኩል ቡሎን፣ ኩሽኔታና ቺንጊያ ሲያድሉ ኖሩ። የቱ ቡሎን የየትኛው መኪና እንደሆነ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳበስ ይለዩ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን አንዲት ቡሎን በገዛ እጃቸው ፈተው አያውቁም። መካኒኮቹ "ጋሼ መስኮት" ይሏቸዋል። እዚያ ስቀው ያልፉታል፤ ቤት ሲገቡ ግን "አንድ ቀን እኔም መኪና ሥር እገባለሁ። ማንም ሳይነካብኝ፣ ብቻዬን ሠርቼ እወጣለሁ" ይላሉ። ቀልድ መስሎን ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የዚያው ጋራዥ ስልክ ተቀባይ የነበሩትን እትዬን አግብተው ሴትና ወንድ ልጅ ወለዱ። ልጆቹን እትዬ አሳደጉ፤ አጎታችን መከሩ። በምክር በኩል ማንም ልጅ አልተራበም።

ጡረታ ከወጡ ከዓመታት በኋላ ከእሳቸው በዕድሜ ትንሽ የምታንስ መኪና ገዙ። መብራቷ ክብ፣ መሪዋ እንደ ትሪ የሰፋ፣ ወንበሯ ሲቀመጡባት የምታቃስት።

"ይቺ ናት የጡረታ ዕረፍታችን?" አሉ እትዬ።

"በዚች ነው ሐይቁ ዳር እህትሽ ጋ የምወስድሽ" አሉ አጎታችን።

እትዬ ይቺን ቃል ያዙ። አንድ ቀን እንኳ አልረሷትም።

መንገዱ ሩቅ ስለሆነ መጀመሪያ የዲፈረንሻሉ ዘይት መቀየር አለበት ተባለ። ዲፈረንሻል ማለት ከኋላ ጎማዎቹ መሃል ያለው ድብልብል ብረት ነው፤ ውስጡ ያሉት ጥርሶች ዘይት ውስጥ ነው የሚዞሩት። ከላይ መሙያ፣ ከታች ማፍሰሻ ቡሎን አለው። ጎረቤታችን መካኒኩ አጎታችን ከመኪናዋ ሥር ሲገቡ አይቶ ከአጥሩ ማዶ ጮኸ።

"ጋሼ! መጀመሪያ የላይኛውን! የሚሞላበት እንቢ ካለ የፈሰሰውን በየት ይመልሱታል?"

"አንተ ጡት ሳትጥል እኔ ቡሎን አድያለሁ!" አሉና የታችኛውን ፈቱ።

ዘይቱ ጥቁር ሆኖ ወረደ። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው፤ እትዬ ያሰጡት አንሶላ ድጋሚ ታጠበ። የላይኛው ቡሎን ደግሞ ዝጎ ተጣብቋል፤ ንቅንቅ አልል አለ። ሲታገሉት መፍቻው እየሾለከ ጠርዙን አሟለጨው። መኪናዋ ያለ ዘይት መንቀሳቀስ አትችል፣ መካኒኩ ልርዳ ቢል አይፈቀድለት! ድጋፍ ላይ እንደተሰቀለች ክረምቱ አለፈ፤ በጋውም አለፈ። ልጃቸው ደውላ "አባዬ፣ ኧረ መካኒኩን አስጠራው!" ስትል "ልጄ፣ ሒሳብ እንዳይቆጥርብሽ" ብለው ይዘጉባታል። ሐኪም ልባቸው ደክሟል፣ ይረፉ ቢል እሱንም አልሰሙም።

"ልቡ የታመመ ሰው ሲሚንቶ ላይ ይተኛል?" እትዬ ናቸው።

"ልቤ እንጂ ጀርባዬ ምን ሆነ?"

በመጨረሻ እትዬ አንገሽግሿቸው በአውቶቡስ ብቻቸውን እህታቸው ጋ ሄዱ። ሲመለሱ ቤቱ እንደ ድሮው ተዝረክርኳል፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ያቺ የላይኛዋ ቡሎን ታጥባ፣ በእትዬ የእንግዳ ሳህን ላይ ተቀምጣለች። አጎታችን ጠርዟን በሞረድ አስተካክለው፣ መፍቻው ላይ ረጅም የውሃ ቧንቧ ሰክተው ፈተዋታል። ብቻቸውን! አጠገቧ ቆመው እትዬ እስኪያዩላቸው ይጠብቃሉ።

"ሳህኔ ላይ?" አሉ እትዬ።

አዲሱን ዘይት በእትዬ ትልቅ ድስት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከነጣሳው ዘፍዝፈው አቀጠኑት። ድስቱ ከዚያ በኋላ ለምግብ አልሆነም። የታችኛውን ቡሎን መልሰው ካጠበቁ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። ዘይት ወደ ላይ አይፈስም። አንድ ሰው ቆሞ ዘይቱን ከፍ አድርጎ በቱቦ ማውረድ አለበት፤ ሌላው ከሥር ተኝቶ ሞልቶ መፍሰሱን ማየት። አጎታችን ይህን ሲረዱ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። መካኒኩ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይጠብቃል። አልጠሩትም።

"እስቲ... ይቺን ያዢልኝ" አሉ ለእትዬ። እኛ እስከምናውቀው እርዳኝ ብለው ሰው ሲለምኑ የመጀመሪያቸው ነው።

"ብቻዬን አላልክም?"

"ብያለሁ። አሁን ያዢልኝ።"

እትዬ ያዙ። እያፈሰሱም ስለ አንሶላው፣ ስለ ድስቱ፣ ስለ አውቶቡሱ አንድ በአንድ አወረዱባቸው።

"ሞላ?"

"ገና ነው፣ ጨምሪ።"

"ሞላ?"

"ሞላ! በቃ! ተይ!"

እትዬ ጥቂት ጨመሩ። አጎታችን ከጢማቸው ዘይት እየተንጠባጠበ ብቅ አሉ።

"አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ።"

አጎታችን ሳቃቸውን ለቀቁት፤ አጥሩ ላይ ያለው መካኒክም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ "ሠራሁት" ሲሉ የሰማቸው የለም። "ሠራናት" ነው የሚሉት። ሐይቁ ዳርም ሄዱ፤ ብስክሌት እየቀደማቸው፣ ይንጠባጠብ እንደሆነ ለማየት በየመታጠፊያው እየቆሙ። እትዬ መንገዱን ሙሉ ተጨቃጨቁ። እህታቸው እንደነገረችን ከሆነ ግን እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አይታቸው አታውቅም።

አጎታችን ባደረባቸው የልብ ሕመም በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ የአልጋው ቡሎን ላልቷል እያሉ ነርሶቹን ሲያስቸግሩ ሰንብተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከእትዬ ጋር ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች አሏቸው። መኪናዋም አለች። ትናንት መካኒኩ ሊያጽናና መጥቶ "እትዬ፣ የዲፈረንሻሉ ዘይት መቀየሪያው ደርሷል፤ እኔ ልውሰዳት" ቢላቸው እንባቸውን ጠርገው "ከሥር የምተኛው እኔ ነኝ። አንተ ከላይ ያዝልኝ" አሉት።

ፈጣሪ የአጎታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥ። በሕይወት ሳሉ ላናደዱን ሁሉ እኛ ይቅር ብለናቸዋል። እትዬ ግን "እኔ ገና ተናግሬ አልጨረስኩም" ብለዋል።