አባ ሁለተኛውን ኮሶ እንዳይጠጡ

ለውድ ወንድሜ ለነጂብ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ ያስቸገረህ ወገብህስ እንዴት ነው? የጅዳ ሙቀት ቀለል አለልህ? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን፤ እማም ደህና ናት። አባም ደህና ናቸው ብዬ ልጽፍልህ ጀምሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

በዚህ ዘመን ወረቀት ላይ ጽፌ ፎቶ አንስቼ የምልክልህ ያለጊዜዬ አርጅቼ አይደለም። የቤታችንን ግድግዳ ታውቀዋለህ፣ በስልክ የተነገረ ሁሉ እማ ጆሮ ይገባል። ይህ ደግሞ እሷ መስማት የሌለባት ነገር ነው። ረጋ ብለህ አንብበው፤ ከዚያ በኋላ ግን አትዘግይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዐረፋ የተበላው ጥሬ ሥጋ መዘዙ ቆይቶ መጣና አባ ኮሶ ታየባቸው። ሐኪም ቤት ሄደው ክኒን እንዲውጡ ብለምናቸው፣ ክኒኑ ትሉን እዚያው ሆድ ውስጥ ያሟሟዋል፣ ታዲያ የትሉ ራስ መውጣቱን በምን አውቃለሁ፣ በዐይኔ ካላየሁ አላምንም አሉኝ። ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ነው መሰለኝ፣ የክሩን ጫፍ ካልያዙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እማ ሰንበቴ ገበያ ሄዳ ከደገኞቹ ኮሶ፣ ከቆላ ሴቶች ደግሞ ለጋ ቅቤ ገዝታ መጣች።

የኮሶን ምሬት አንተም አትረሳውም። እማ አባ አሳዘኗትና ጨጓራቸውን እንዳይቆርጣቸው ብላ ቅቤውን አቅልጣ ጨመረችበት። እንደ አጥሚት ለስልሶ ወረደላቸው። ትሉ በከፊል ወጣ፤ ራሱ ግን የለም። ከሰዓት በኋላ ማስመለስና መንቀጥቀጥ ያዛቸው። በማግስቱ ሱቃቸው ገብተው መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃታቸው፤ መብራት ጠፋ እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ፀሐይዋ እስከ ስፌት መኪናው ድረስ ገብታ ነበር።

በባጃጅ ይዣቸው ሐኪም ቤት በረርኩ። ዶክተር አዲስዓለም ቅቤ ተጨምሮበት እንደነበር ሲሰማ መጻፉን ትቶ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። ኮሶ ሥራው አንጀት ውስጥ ነው አለኝ፤ ትሉን አድክሞ አላቅቆ አብሮት ይወጣል። በውሃ ብቻ ሲጠጣ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፤ ያንንም ጉበት ተቀብሎ ያዳክምና በሐሞትና በሽንት ያስወጣዋል። ቅባት ካገኘ ግን መርዙ ቅባቱ ውስጥ ይሟሟና አብሮት ከአንጀት ወደ ደም ይሻገራል። ጉበት ከአቅሙ በላይ ሲመጣበት፣ የተረፈው ከደም ጋር እየዞረ ዐይን ድረስ ይደርሳል። የገባው ተጣርቶ ሲያልቅ ብርሃናቸው ሊመለስ ይችላል፤ ሁለተኛ ኮሶ ከጠጡ ግን፣ በቅቤም ይሁን በውሃ፣ ተስፋ አልሰጥሽም አለኝ።

ጭንቀቴ ይኸው ነው። አባ ራሱ ካልወጣ ተመልሶ ያድጋል ብለው፣ ከነገ ወዲያ እሑድ ሰንበቴ የሚሄደውን ጎረቤታችንን አብዱልፈታህን ኮሶ እንዲያመጣላቸው አዘውታል። ሰኞ ጠዋት ሊጠጡ ነው። ብለምናቸው፣ ‹‹ዲሲ! ተይኝ አንቺ ልጅ፣ አባቴም አያቴም ሲጠጡት ነው የኖሩት›› ብለው ተቆጡኝ። ሲቆጡኝ የሚያዩት እኔን ሳይሆን ቁም ሳጥኑን ነበር። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት መርፌዎቻቸው ላይ ክር ገብቶ ስለማይ ተሻላቸው ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ አሁን ግን እንጃ።

ምክንያቱን ልንገራቸው ብል ቅቤው ይነሳል፤ ቅቤው ከተነሳ ደግሞ እማ ራሷን ይቅር አትልም። ስለዚህ አንተ ደውልና እዚህ ጅዳ አንድ ሐኪም ጠይቄ ኮሶ ለእርስዎ ዕድሜ አይሆንም አለኝ በላቸው። ቅቤ የሚል ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ። የእኔ ለቅሶ ያላቆማቸውን ሰው የአንተ አንድ ቃል ያቆማቸዋል። በዚህ ስንት ዓመት እንደቀናሁብህ አላህ ያውቃል፤ ዛሬ ግን ደስ እያለኝ ነው የምለምንህ።

ነጂብ፣ እዚህ ላይ ደርሼ ሳለ እማ ገባች። ማንበብ እንደማትችል ረስቼ ወረቀቱን በእጄ ሸፈንኩት። የቅቤውን ጣሳ ይዛ ነበር፤ ለጎረቤት ልትሰጠው ነው። ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ ሰላምታ ነው አልኳት። ‹‹ስለ ቅቤውም ጻፊለት›› አለችኝ። ለካ ያን ዕለት ምሳ ይዛ ስትመጣ፣ ዶክተሩ ሲያስረዳኝ ከኋላዬ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። መርፌዎቹ ላይም ክር የምታስገባው እሷ ናት፤ አባ ሳይነሱ ቀድማ እየተነሳች። ‹‹ለአባትሽ ሌላ ሰው እንዲነግርልኝ አልፈልግም፣ እኔው ነግሬው ኮሶውን ይተዋል፤ ብቻዬን ግን አፌ አይፈታልኝም፣ ልጄ በስልኩ ላይ ይሁንልኝ›› ብላለች። ይህን ስትል አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ውሸቱን ተወው። ነገ ቅዳሜ፣ አባ ከዙህር ሶላት ሲመለሱ ደውል፤ አብዱልፈታህ ገበያ ሳይሄድ። ብዙ መናገር የለብህም፤ እሷ እስክትጨርስ ድረስ ስልኩን ብቻ እንዳትዘጋው።

እማ በዱዓ አትርሳኝ ትልሃለች። ታናሻችን አሲያ፣ እልክልሻለሁ ያለኝን ጫማ አልረሳሁም በይልኝ ብላለች። አብሮህ ለሚኖረው ለአጎታችን ልጅ ለሙሀመድአሚንም ሰላምታችንን አድርስልን። አባ ናፍቀውሃል። አዲስ ፎቶ ይላክልኝ ብለዋል፤ ተለቅ ያለ ይሁን፣ ፊቱን ቀረብ አድርጎ ይነሳ ብለዋል።

እህትህ ሩመይሳ
ከሚሴ፣ ዓርብ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.