ቀስታው አልያዘም

ሰኞ፣ ቢቸና
አሁንም ማንሻው ጥፋት ካለበት ፍሬኑ ነው እላለሁ። ደግሜ አጠበቅሁት። ይህን ደብተር ጋራዡ የሰጠኝ የማሽን ብልሽት እንድጽፍበት ነው። ፊደሌ ጠማማ ነው፤ ግን ቤት ውስጥ የምነግረው ሰው ስለሌለኝ የልቤንም እጽፍበታለሁ።

ባለፈው ዓርብ የትራክተር ካምቢዮ ከኤሌክትሪክ ማንሻው ወድቆ ተሰነጠቀ። የማንሻውን ቁልፍ ይዛ የነበረችው ረዳቴ ትርንጎ ናት። ማንሻው ሁለት ፍጥነት አለው። ቁልፉን እስከ ጥግ ሲጫኑት ይፈጥናል፤ ግማሽ ሲለቁት ሞተሩ ራሱ ጭነቱን ይዞ ያዘገየዋል፣ ይህን ቀስታ እንለዋለን፤ ጭራሽ ሲለቁት ፍሬኑ ይይዘዋል። «አያ ሙላት፣ እኔስ ለቅቄለት ነበር። ቀስታው አልያዘም» አለች። እኔ በአለቃው ፊት፣ «ያልያዘው እጅሽ ነው» አልሁ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁ ነኝና ቃሌ ቃል ሆነ። ዕለቱን አሰናበቷት። ሁለት ልጆቿን ይዛ ሞጣ እናቷ ቤት ገባች አሉ።

ማክሰኞ
ጠዋት ባዶውን መንጠቆ አወረድሁ። ፈጣን፣ ከዚያ ቀስታ። እንደ ደህና በቅሎ ቆጠብ አለ። «ይኸው!» አልሁት አለቃውን። ደስ አለኝ። ምሳ ስበላ ግን ደስታው አብሮኝ አልነበረም። ባዶ መንጠቆ ምን ይመሰክራል?

ረቡዕ
ሰዉን ከስሩ አርቄ፣ አሮጌ ጎማ ደርድሬ፣ አሸዋ የሞላ በርሜል አንጠለጠልሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደህና። ማንሻው ሲግል፣ በሰባተኛው፣ ቁልፉን ግማሽ ለቀቅሁ። በርሜሉ መዘግየቱን ትቶ ቁልቁል ሄደ። ጭራሽ ለቀቅሁት፤ ጎማው ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ፍሬኑ ያዘው። ፍሬኑማ ደህና ነው!

ቁልፉን የያዘው የኔ እጅ ነበር። የሷ አይደለም።

ሐሙስ
ኤሌክትሪኩን ከዋናው አጥፍቼ ሳጥኑን ከፈትሁ።
ፍሬን፦ ደህና።
የሞተሩ ሽቦ ጥቅል፦ በቴስተር ሦስቱም እኩል።
ሽቦ፦ አልተበጠሰም።
የቀስታው ኮንታክተር፣ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ዕቃ፦ ከሦስቱ መገናኛ አንዱ ጠቁሮ ተበልቷል። ሲግል አይገናኝም፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ጭነቱ ያሸንፈዋል።

ማን እንደበላውም አወቅሁ። በጾሙ መግቢያ መገናኛዎቹ ጠቆር ቢሉብኝ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ እንደ ድስት አብለጭልጬ ነበር። ለካ የፋቅሁት ከላይ የተለበጠውን ብር ነው። ትርንጎ ያኔ፣ «አያ፣ መመሪያው አትፋቁ ይላል» አለችኝ። «አንቺ ፊደል ሳትቆጥሪ እኔ ብረት ቆጥሬያለሁ» ብዬ አሳቅሁባት። ሰዉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። ዛሬ ያንገበገበኝ ያ ሳቋ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ሟች ባለቤቴ፣ «አንተ ሰው፣ ተሳስቻለሁ ማለት ያንቅሃል?» ትለኝ ነበር። አንድም ቀን ሳትሰማው ሄደች።

ዓርብ
አዲስ ኮንታክተር ገባ። በርሜሉን አሥር ጊዜ አወረድሁ። ያዘ። አሥሩንም ያዘ!

ለአለቃው ነገርሁት። «እንግዲህ ተሠርቷል፣ አያ። ዝም ቢሉስ? ልጅቱም ሌላ ሥራ አታጣም» አለ። ዝምታው እንዴት እንደጣመኝ እኔ አውቃለሁ።
«በደብተሩ ጽፌዋለሁ» አልሁት።
«ይፋቃላ!»
«ስንቱን ልፋቅ?»
«ይሁን፣ ከመጣች ትመለስ» አለ።

ቅዳሜ፣ ሞጣ
በጠዋቱ ሚኒባስ መጣሁ። በአገራችን ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው። እኔ የተበላውን ኮንታክተር በጋቢዬ ጫፍ ቋጥሬ መጣሁ። ትንሽ ዕቃ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ከበደኝ።

እናቷ አስገቡኝ። ትርንጎ ስትመጣ ተነሣሁ። ዕቃውን በሁለት እጄ ዘርግቼ፣ «ቀስታው አልያዘም ነበር። የፋቅሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ያዘጋጀሁት ሌላው ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

ተቀብላ ገለባበጠችው።
«የተበላችው ይቺ ሦስተኛዋ ናት» አለች።
«ናት።»
«የሰደቡኝ በሰው ፊት ነው፣ አያ። ይቅርታው ግን እናቴ ቤት ነው።»

እውነቷን ነው። ሰኞ በሠራተኛው ሁሉ ፊት እደግመዋለሁ አልሁ። «እስቲ እናያለን» አለች። ትምጣ አትምጣ አልነገረችኝም። ኮንታክተሩን ግን አልመለሰችልኝም።

ይህን የምጽፈው መናኸሪያ ተቀምጬ ነው። የሰኞዋን ቃል በልቤ እየተለማመድሁ ነው። አንዲት ቃል ናት። አሁንም ታንቃለች።